«ለጊዜው» ብዬ የጀመርኳቸው ነገሮች

ዲቪ እንደደረሰኝ ያወቅሁት በግንቦት 2006 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ በአንድ ኢንተርኔት ቤት ነበር። በዚያን ጊዜ የ29 ዓመት ነርስ ነበርኩ፤ በመንግሥት ሆስፒታል ስድስት ዓመት አገልግያለሁ፤ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የወሰንኳቸውንና ሳልወስን ያሳለፍኳቸውን ነገሮች መለስ ብዬ ስመረምር፣ ከሁሉ በላይ የፈራሁት የመሄዱ ውሳኔ ያን ያህል እንዳልጎዳኝ፣ ብዙ ዋጋ ያስከፈሉኝ ግን «ለጊዜው ይሁን» እያልኩ ያለፍኳቸው ትንንሽ ጉዳዮች መሆናቸውን አያለሁ። ይህን የምጽፈው ሻንጣቸውን በማዘጋጀት ላይ ላሉና እዚህ ደርሰው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በመግፋት ላይ ላሉ ወገኖቼ ነው።

«ደረሰኝ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። የአሜሪካ ሕግ በዓመት ለዚህ ዕጣ የሚፈቅደው ቪዛ ቢበዛ 55,000 ሲሆን፣ በዕጣው የሚመረጠው ሰው ግን ከዚህ ይበልጣል፤ የበጀት ዓመታቸው በሴፕቴምበር 30 ሲዘጋ ተራው ያልደረሰው ሰው ዕድሉ አብሮት ይዘጋል። ይህን አንብቤ ስለነበር ቪዛው ፓስፖርቴ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ሥራዬን አልለቀቅሁም። አብረውኝ ከደረሳቸው መካከል ገና ቃለ መጠይቅ ሳያደርጉ የቤት ዕቃቸውን ሸጠው የጨረሱ ነበሩና፣ ያ ትዕግሥት ዛሬም ልክ ነበር እላለሁ። የኤምባሲው ክፍያ 330 ዶላር ነበር፤ የሕክምና ምርመራውና የአውሮፕላን ቲኬቱ ሲጨመርበት ከአቅሜ በላይ ሆነ። እናቴ የእቁቧን ዳኛ ለምና ዕጣዋን አስቀድማ በመውሰድ ሰጠችኝ፤ የቀረውን ከአጎቴ ተበደርኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ የሰፈራችን ሰው በዘመድ በኩል መጥተው፣ ልጃቸውን በጋብቻ ወረቀት አስገብቼ ብወስድላቸው የጉዞዬን ወጪ በሙሉ ሸፍነው ከዚያም በላይ እንደሚከፍሉኝ ነገሩኝ። የምወዳቸው ዘመዶቼ ሳይቀሩ «ምን አለበት፣ ለሁለታችሁም ይጠቅማል» አሉኝ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ምክንያቱም ገንዘቡ የእናቴን ዕዳ በአንድ ቀን ይከፍል ነበር። በመጨረሻ እምቢ አልኩ። በሐሰት መረጃ ቪዛ ለማግኘት የሞከረ ሰው ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ለዕድሜ ልክ ሊታገድ እንደሚችል ማወቄ አንዱ ምክንያት ነበር፤ ሌላው ደግሞ አዲስ ሕይወት የምጀምርበት የመጀመሪያው ወረቀት ውሸት ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የምፈርመው ሁሉ በእሱ ላይ እንደሚቆም ስለታየኝ ነው። እምቢታዬን በአማላጅ አላስላክሁም፤ ራሴ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ለብዙ ወራት እናቴን ሰላም ሳይሏት ቆዩ፤ ያ በጣም አሳዝኖናል፤ ነገር ግን አልተጸጸትኩም።

የተጸጸትኩት በሌላ ነገር ነው። የልደት ማስረጃውን፣ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃውን፣ የሥራ ልምድና የመልቀቂያ ደብዳቤውን በጥንቃቄ ሰብስቤ ሳበቃ፣ የትምህርት ማስረጃዬን ነገር «ለጊዜው ይቆይ፣ እዚያ ከደረስኩ በኋላ አስልካለሁ» ብዬ ተውኩት። በእጄ የነበረው ጊዜያዊ ዲግሪ ብቻ ነበር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የወጪ መጋራት ዕዳ ሳይከፈል ዋናው ዲግሪም ሆነ ወደ ውጭ አገር የሚላከው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይሰጥም። ዕዳውን በደመወዜ ቀስ እያልኩ ልጨርሰው እችል ነበር። በስሜ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰውም በውክልና ሳልወክል ነው አውሮፕላን ላይ የወጣሁት። አገር ቤት ሳለሁ በቀላሉ የሚያልቅ የነበረው ነገር በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደብኝ።

በጥር 2007 ዓ.ም. ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሼ የአክስቴ ልጅ ዘንድ አረፍኩ። በአካባቢው በፌንተን ጎዳናና በጆርጂያ አቬኑ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ያላቸው ምግብ ቤቶችና እንጀራ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፤ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣ የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪዎችን በቋንቋቸው ያገለግላሉ። ይህ ለመጤ ሰው ትልቅ ጸጋ ነው፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ሆኖም በአማርኛ ሠርቶ፣ በአማርኛ ገዝቶ፣ በአማርኛ ጸልዮ ሳምንቱን መጨረስ ስለሚቻል፣ ስድስት ወር ሲሞላኝ እንግሊዝኛዬ ከመጣሁበት ቀን ይልቅ ደክሞ አገኘሁት። ሆስፒታል ሳለሁ ቢያንስ የታካሚ ካርድ በእንግሊዝኛ እጽፍ ነበር።

ሥራ ያገኘሁት በሦስተኛው ሳምንት፣ በዲሲ መሐል በሚገኝ ፓርኪንግ ውስጥ በገንዘብ ተቀባይነት ነው። በሰዓት የሚከፈለኝ 9 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ በዚያን ጊዜ የከተማው ዝቅተኛ ክፍያ ያ ነበር። «ለጊዜው ነው» አልኩ። ጥቂት ቆይቼ የሰው ቤት ምድር ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ እሱም ለጊዜው ነበር። ቅዳሜና እሑድ ሁለተኛ ሥራ ጨመርኩ፤ ዕዳዬን እስክከፍል ድረስ ለጊዜው። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ «ሁለት ሥራ ያዝ» የሚል ምክር ይሰማል፤ ይህን ምክር በጅምላ መስጠት ልክ አይመስለኝም። የአጎቴን ብድርና የእናቴን እቁብ በሰባት ወር መክፈሌ እውነት ነው፤ ዕዳው ካለቀ በኋላ ግን ሁለተኛውን ሥራ ሳልተው ቀጠልኩ፤ ምክንያቱም ማቆሚያውን ቀድሜ አላሰብኩትም። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ገጽ አላነበብኩም፤ ያጠናሁት ሙያ ከእኔ እየራቀ መሄዱን እንኳ ልብ አላልኩም።

በሥራ ቦታችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ አገር ቤት ሳሉ የሒሳብ መምህር የነበሩ ሰው ነበሩ። በዚያ ሥራ ላይ 19 ዓመት ቆይተዋል፤ ሦስት ልጆች በዚያ ደመወዝ አሳድገው ለዩኒቨርሲቲ አብቅተዋልና ሕይወታቸውን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰው ቢኖር እቃወመዋለሁ። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ስለ ነርስነቴ ጠየቁኝ፤ «እዚህ የገባሁት ለጊዜው ነው ጋሼ» አልኳቸው። እጃቸውን ከምግቡ አንሥተው፣ «እኔም ለጊዜው ነበር የገባሁት፤ ቀን ግን አልቆረጥኩም። አንቺ ልጄ፣ ቀን ቁረጪ» አሉኝ። ከዚህ በላይ አላሉኝም።

በዚያ ማታ ከሥራ ስመለስ አንድ ደብተር ገዛሁ። በአንድ ገጽ ላይ በሕይወቴ ውስጥ «ለጊዜው» የምላቸውን ነገሮች ሁሉ ጻፍኩ፦ ፓርኪንጉን፣ ሁለተኛውን ሥራ፣ ምድር ቤቱን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ ወደ ቤት የምልከውን ገንዘብ። ከየአንዳንዱ ፊት ለፊት ቀን አስቀመጥኩ፤ ቀኑ ሲደርስ ምን በእጄ ካለ እንደምቀጥል፣ ምን ከሌለ እንደምተው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ለምሳሌ በሁለተኛው ሥራ ፊት «ሰኔ 30፤ በባንክ 2,000 ዶላር ቢኖርም ባይኖርም እለቃለሁ» የሚል ነበር። «ቢኖርም ባይኖርም» የሚለውን ለመጻፍ ከሁሉ ይልቅ ተቸግሬያለሁ፤ ቀን ቆርጦ ከቀኑ ጎን ማምለጫ ማስቀመጥ ቀን አለመቁረጥ እንደሆነ የተረዳሁት ግን በዚያ ምክንያት ነው። ቀኑ ሲደርስ 1,300 ዶላር ነበረኝ፤ ሥራውን ለቀቅሁ።

ከዚያ በኋላ የነርስ ረዳት ሥልጠና ወሰድኩ። በሜሪላንድ ሥልጠናው ከክፍል ትምህርትና ከተግባር ልምምድ ጋር 100 ሰዓት ነው፤ ማንም ትጉ ሰው በጥቂት ሳምንታት ሊጨርሰው ይችላል። ፈተናውን አልፌ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ተቀጠርኩ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ከአገር ቤት በሙያ የሚመጡ ብዙ እህቶችና ወንድሞች በዚህ ደጃፍ ላይ ስለሚቆሙ ነው። በእኛ ሆስፒታሎች ታካሚን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ ልብሱን የሚቀይርለት በአብዛኛው አስታማሚው ነው፤ ነርሷ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ቁስል ትጠርጋለች፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ትፈጽማለች። እዚህ አስታማሚ የለም። በመጀመሪያው ሳምንት የ91 ዓመት አዛውንት ገላ ሳጥብ፣ ስድስት ዓመት በነርስነት ሠርቼ ይህን ሥራ አንድም ቀን በእጄ እንዳልሠራሁት አስተዋልኩ፤ እንባዬም መጣ። ዝቅ ያልኩ መስሎኝ ነበር። ወራት እያለፉ ሲሄዱ ግን ጀርባ ላይ የሚጀምር የመኝታ ቁስል ገና ሲቀላ መለየት፣ ምግብ እንቢ ያለ ሰው ሕመሙ የት እንዳለ ከፊቱ ማንበብ ተማርኩ፤ እነዚህን ነገሮች አስታማሚዎቹ፣ ማለትም እናቶቻችንና እህቶቻችን፣ ሁልጊዜም ያውቋቸው ነበር፤ እኔ ነበርኩ ያልጠየቅኋቸው። ዛሬ የሙያ ፈቃድ ያለኝ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ከትምህርት ቤት ካገኘሁት ይልቅ በእነዚያ 20 ወራት ያገኘሁት ይበልጥ ይረዳኛል።

በዚያ ቤት የተማርኩት ሌላው ነገር «እሺ» የሚለው ቃላችን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የሚያመጣውን ጉዳት ነው። በእኛ ዘንድ «እሺ» ማለት አንዳንድ ጊዜ «ሰምቻለሁ» ብቻ ነው፤ አለቃን ፊት ለፊት እንቢ ማለት ነውር ስለሚመስለን እሺ ብለን ነገሩን በሌላ መንገድ እናስቀራለን። የክፍሉ ኃላፊ ትርፍ ሰዓት እንድገባ በጠየቀችኝ ቁጥር እሺ እል ነበር፤ አንድ ጊዜ በፈተና ጥናቴ ምክንያት ሳልገባ ቀረሁ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ። ሌሎቹ ሠራተኞች «ዛሬ አልችልም» ብለው በአንድ ቃል ሲመልሱ ቅር አይላትም ነበር፤ በእኔ ላይ ያዘነችው ቃሌን አምና ሰው ሳትተካ በመቅረቷ ነበር። ከዚያ በኋላ «እስከ ነገ ጠዋት አስቤ መልስ እሰጥሻለሁ» ማለትን ልማድ አደረግሁ፤ በነጋታውም በእርግጥ መልስ እሰጥ ነበር። ይህ በይሉኝታ ያደገ ሰው ሊሸከመው የሚችል እንቢታ ነው።

ይሉኝታ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ገንዘብ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስልክ በጮኸ ቁጥር እልክ ነበር፤ ለልቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለጎረቤት ልጅ ሕክምና። የላክሁት ሁሉ ለተገቢ ነገር ነበር፤ ነገር ግን አንድ ወር 400 ዶላር፣ ቀጣዩን ወር 60 ዶላር እየላክሁ እናቴ በምን ላይ እንደምትተማመን እንዳታውቅ አድርጌያት ነበር። ደውዬ ነገሩን በግልጽ ስነግራት የመለሰችልኝን አልረሳውም፦ «ልጄ፣ ቁርጡን ንገሪኝ፤ ቁርጡን ካወቅሁ እኔም በልኩ እኖራለሁ»። ከዚያ ጀምሮ በየወሩ በ5ኛው ቀን 150 ዶላር ላክሁላት፤ ለድንገተኛ ጉዳይ ደግሞ በየወሩ 40 ዶላር ለብቻ አስቀመጥኩ። ድንገተኛው ሲያልቅ «በዚህ ዓመት አልችልም» እላለሁ። የተቀየሙኝ ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ቁርጥ ያለ መልስ ሲያገኙ ሌላ መንገድ ፈልገዋል፤ ግንኙነታችንም አልተበላሸም።

ወደ ትምህርት ማስረጃው ልመለስ። በውጭ አገር የተማረ ነርስ በአሜሪካ የሙያ ፈቃድ ፈተና ከመቀመጡ በፊት፣ የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕቱን በቀጥታ ለገምጋሚው ድርጅት እንዲልክ ይጠየቃል፤ ባለቤቱ በእጁ ያለው ቅጂ አይቆጠርለትም። ቅጹ ደግሞ በሕክምናና ቀዶ ሕክምና፣ በእናቶች፣ በሕፃናትና በአእምሮ ሕክምና ነርሲንግ ስንት ሰዓት በክፍል፣ ስንት ሰዓት በተግባር እንደተማርን ለይቶ ይጠይቃል። በሰኔ 2008 ዓ.ም. ቅጹን በፖስታ ላክሁ፤ ሬጅስትራር ውስጥ አምስት ወር ተቀመጠ። ለወንድሜ ውክልና ለመስጠት ዲሲ ወደሚገኘው ኤምባሲያችን ሄድኩ፤ እሱ የወጪ መጋራት ዕዳዬን ከፍሎ፣ ከአዳማ እየተመላለሰ፣ «ነገ ይምጡ» እየተባለ፣ በ14ኛው ወር ፖስታው ተልኮ ደረሰ። ገና አገር ቤት ላላችሁ የጤና ባለሙያዎች አጥብቄ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ ዕዳችሁን ክፈሉ፣ ዋናውን ዲግሪ አውጡ፣ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ አግኝታችሁ የተግባር ሰዓታችሁን በጽሑፍ አስመዝግቡ፣ ለምታምኑት ሰው ውክልና ስጡ። ከሻንጣው በፊት ይህ ይቅደም።

የነርስነት ፈተናውን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ተቀመጥኩ። በዚያን ጊዜ ፈተናው ከ75 እስከ 265 ጥያቄ ነበረው፤ ኮምፒዩተሩ በመልሳችን መሠረት ቀጣዩን ጥያቄ እያከበደ ወይም እያቀለለ፣ ብቃታችንን ሲያረጋግጥ ራሱ ያቆማል። ወደቅሁ። የመድኃኒት መጠንና የበሽታ ምልክት በሚገባ አውቅ ነበር፤ የጣለኝ «ከእነዚህ አራት ታካሚዎች የትኛውን አስቀድመሽ ታያለሽ?» የሚለው ዓይነት ጥያቄ ነው። አገር ቤት ያንን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ ወይም ኃላፊዋ ነበረች፤ የእኔ ሥልጠና የታዘዘውን በትክክል መፈጸም ነበር። እዚህ ነርሷ ራሷ ትወስናለች፤ ለውሳኔዋም ተጠያቂ ናት። 45 ቀን ጠብቆ እንደገና መፈተን ይቻላል። እኔም ቀኑን በደብተሬ ጻፍኩ፤ በእነዚያ ሳምንታት በየማታው የምለማመደው ምን ይቅደም የሚለውን ብቻ ነበር። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. አለፍኩ። ለእናቴ ስደውል እዚያ ሌሊት ነበር፤ እልልታዋ ጎረቤት እንደቀሰቀሰ ወንድሜ በኋላ ነገረኝ።

ስለ ብርዱ፣ ስለ ብቸኝነቱ፣ በእነሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ በአምስት ሰዓት አካባቢ ስለሚጨልመው ክረምት ብዙ ስለተባለ እዘለዋለሁ። ሰዓት ላይ ግን አንድ ቃል ልበል፤ ሁለት ቀጠሮ ያመለጠኝ የእኛን አቆጣጠርና የእነሱን በአንድ ደብተር ቀላቅዬ በመጻፌ ነበር። ስልካችሁን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት፤ «14 ሰዓት» ከምንም ጋር አይምታታም።

በደብተሬ ውስጥ ቀኑን ደጋግሜ የገፋሁት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ዜግነት። ግሪን ካርድ ይዞ አምስት ዓመት የኖረ ሰው ማመልከት ይችላልና ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ መብቱ ነበረኝ። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም፤ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ እኛ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ያለ ቪዛ መግባትንና ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን ይፈቅዳል፤ መምረጥንና መመረጥን ግን አይመልስም። ብዙዎች «ወረቀት ነው፣ ምን ያስጨንቃል» ይሉኛል። እኔን አስጨንቆኛል፤ ያስጨነቀኝም በከንቱ አይመስለኝም። ሁለት ዓመት ከገፋሁ በኋላ የወሰንኩት፣ እናቴን ለማምጣት የሚያስችለኝ አሜሪካዊ ዜግነት በመሆኑ ነው፤ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ወላጁን ማምጣት አይችልም። ቃለ መሐላ የፈጸምኩ ዕለት ጠዋት የኢትዮጵያ ፓስፖርቴን ከመሳቢያ አውጥቼ ገጾቹን አንድ በአንድ አገላብጬ አየሁ፤ ዛሬም አስቀምጨዋለሁ።

አሁን የቀረው የእናቴ ጉዳይ ነው። 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ሱቋን፣ ዕድሯንና ቤተ ክርስቲያኗን ትታ መምጣት እንደማትፈልግ በግልጽ ነግራኛለች፤ በሌላ ቀን ደግሞ «አጠገብሽ ብሆን ደስ ይለኛል» ትላለች። ሁለቱም እውነቷን ነው። እኔ ስለ እሷ ልወስንላት አልችልም፤ ሳንወስን ዓመታት እንዲያልፉም አልፈልግም። ስለዚህ በጋራ ቀን ቆረጥን፤ ግንቦት 30። እስከዚያ ድረስ ወንድሜ ጉልበቷን በአዲስ አበባ ያሳክማታል፤ እኔ በሚያዝያ ለፋሲካ ሄጄ ሦስት ሳምንት አብሬያት እቆያለሁ፤ በዚያ ቀን ማታ ሦስታችንም በስልክ ተገናኝተን እሷ ቁርጡን ትነግረናለች። በደብተሬ ከቀኑ ጎን ያለውን ቦታ ባዶውን ትቼዋለሁ።